ልውጠት፦ ጠመንጃ ስሙን ሳይለውጥ ወገኑን ሲለውጥ

በነፋስ መውጫ ወይም በወገዳ መንገድ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ሲያልፍ፣ ተመልካቹ መሣሪያውን በስሙ ይጠራዋል። ምንሽር ነው፣ ውጅግራ ነው፣ ክላሽ ነው። ክላሹም ቢሆን ታጣፊ ወይም ባለሰደፍ ተብሎ ይለያል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጠመንጃ እንደ ሰው የዘር ሐረግ አለው። ውጅግራ የፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል ግራ ጠመንጃ ነው፤ ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊሸር ነው። ስሙ ሲጠራ አገሩና ዘመኑ አብረው ይጠራሉ።

ሕግ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ምላጩ አንዴ ሲሳብ ስንት ጥይት ይወጣል? አፈሙዙ ምን ያህል ይረዝማል? መቼ ተሠራ? ከአባቱ የወረሰውን መሣሪያ ሊያስመዘግብ የሚሄድ ገበሬ የሚያውቀው የመጀመሪያውን አጠራር ነው፤ የሚዳኘው ደግሞ በሁለተኛው ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ቃል ጎድሎ ቆይቷል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች “ኮንቨርዥን” ይሉታል። በአማርኛ “ልውጠት” ቢባል ይሻላል። “ማሻሻያ” የሚለው ቃል የተሻለ ነገር መጣ ያሰኛል፤ ሕግ ግን መሣሪያው ተሻለ ወይስ ባሰበት ብሎ አይመረምርም። “ቅየራ” አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት ነው፤ እዚህ ግን ጠመንጃው ያው ነው። “ለውጥ” ደግሞ ከመንግሥት እስከ አየር ጠባይ ሁሉን የሚሸከም ሰፊ ቃል ሆኗል። “ልውጠት” እንደ “ፍልሰት” ባለ ርቢ የወጣ ጠባብ ቃል ነው። ትርጉሙም፦ በመሣሪያ አካል ላይ የሚደረግና መሣሪያውን ከአንድ የሕግ ምድብ ወደ ሌላ የሚያሻግር ሥራ።

ስለዚህ የተሰነጠቀ ሰደፍ በጠፍር ማሰር ልውጠት አይደለም፤ ጥገና ነው። ማንገቻውን በቀለም ማሳመርም ጌጥ ነው። አፈሙዝ ቆርጦ ማሳጠር ግን በብዙ አገሮች ልውጠት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ አፈሙዙ ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ40 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ከፍ ከሚል ልክ፣ ያጠረ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው ሕግ መሠረት ልዩ ምዝገባ ከሚያስፈልጋቸው መሣሪያዎች ተርታ ይገባል። በመጋዝ የተቆረጠው ጥቂት ብረት ነው፤ የተለወጠው ግን ባለቤቱ የሚጠየቅበት አንቀጽ ነው።

አማርኛ ከዚህ ቀደም አንድ ልውጠት ሳያስበው ሰይሟል። የእንግሊዝ ጦር ባሩዱንና እርሳሱን በአፈሙዙ የሚጎርስ ኤንፊልድ የሚባል ጠመንጃ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1866 ጦሩ ጃኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈውን መዝጊያ ተቀበለና፣ ነባሩ ኤንፊልድ ከኋላው ተከፍቶ እንዲጎርስ ተደረገ። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ገደማ ይተኩስ የነበረው ጠመንጃ ዐሥር ጊዜ ገደማ መተኮስ ቻለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ይኸው የተለወጠ ጠመንጃ በእንግሊዝ ጦር እጅ ከባሕር ወደብ ሽቅብ በሚመጣበት ወቅት ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት ሠራዊት የገጠመው እርሱን ነው፤ ፊታውራሪውም በዚያው ወደቁ። በአማርኛ የቀረው ስምም “ኤንፊልድ” አይደለም፤ “ስናድር” ነው። ጠመንጃው የተጠራው በመዝጊያው ሠሪ፣ ማለትም በልውጠቱ ነው።

ወደ ዛሬው ሕግ እንምጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግለሰብ በፈቃድ መሣሪያ እንዲይዝ መንገድ ይከፍታል፤ ያለፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ከአዋጁ ጀርባ ኢትዮጵያ የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈረመው ይህ ስምምነት አገሮች አውቶማቲክም ሆነ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በሲቪል ሰው እጅ እንዳይገኝ በሕጋቸው እንዲከለክሉ ይጠይቃል። አውቶማቲክ ማለት ምላጩ እንደተሳበ ጥይቱን በሩምታ የሚያወርደው ነው። ከፊል አውቶማቲክ ራሱ ይጎርሳል፤ ግን በአንድ ስበት አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል። በዚህ ሚዛን ለእያንዳንዱ ጥይት መዝጊያው በእጅ የሚሳብለት ምንሽርና አንድ በአንድ የሚጎርሰው ውጅግራ ከክልከላው ውጭ ይቆማሉ። ክላሽ በነጠላም በሩምታም ስለሚተኩስ አውቶማቲክ ነው።

አንዱ ክላሹን ከነጠላ በቀር እንዳይተኩስ ቢያስደርገውስ? በፕሮቶኮሉ መንፈስ ከአንዱ የተከለከለ ምድብ ወጥቶ ወደ ሌላው የተከለከለ ምድብ ይገባል እንጂ ነጻ አይወጣም። አውሮፓም በዚህ ጉዳይ ጠንክራለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በፓሪስ በደረሰው ጥቃት፣ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተደርገው በስሎቫኪያ በሕጋዊ መንገድ የተሸጡና ተመልሰው ገዳይ የተደረጉ ጠመንጃዎች ተገኙ። በ2017 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ከአውቶማቲክ ወደ ከፊል አውቶማቲክ የተለወጠ መሣሪያ ከተከለከሉት ጋር እንዲቆጠር አደረገ። ሰደፉ ሲታጠፍ መተኮስ መቻሉን ሳያጣ ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች የሚያጥር ረጅም ከፊል አውቶማቲክንም ጨመረበት። ጋይንት ላይ “ታጣፊ” የሚለው ቃል መልክን ብቻ ይነግራል፤ እዚያ ግን ምድብ ሊለይ ይችላል።

አሜሪካ ላይ ክርክሩ እስከ ቃል አጥንት ድረስ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2017 በላስ ቬጋስ ሰዎችን የጨረሰው ታጣቂ በጠመንጃዎቹ ላይ የሚንሸራተት ሰደፍ ገጥሞ ነበር። መንግሥት በ2018 ይህ ሰደፍ የተገጠመለትን ጠመንጃ መትረየስ ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በሰኔ 2024 በ6 ለ3 ድምፅ አልተቀበለውም፤ ምክንያቱም ምላጩ ለእያንዳንዱ ጥይት ለየብቻው ይሠራል። ጆሮ ሩምታ ቢሰማም፣ በሕጉ ቃል ልውጠት አልተፈጸመም።

አንድ ነገር በልውጠት አይገኝም፤ ዕድሜ። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል ጥንታዊ መሣሪያዎችን ከትርጓሜው ያወጣል፤ ነገር ግን ከ1899 በኋላ የተሠራ በምንም መንገድ ጥንታዊ እንዳይባል ይደነግጋል። የአድዋ ዘመን ውጅግራ በዚህ በር ሊያልፍ ይችላል። ያው ፕሮቶኮል በሌላ በኩል “በቀላሉ ሊለወጥ የሚችል” የሚል ሐረግ ጨምሯል። ጥይት እንዲተኩስ በቀላሉ የሚለወጥ የድምፅ ሽጉጥ፣ ገና ማንም እጁን ሳያሳርፍበት፣ ከጦር መሣሪያ ይቆጠራል።