ታጋዩ ስፑትኒክ

ትግል የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ጉልበት የሚፈተንበት ግጥሚያ፣ ሌላው ለመብት የሚደረግ ተጋድሎ። ሁለቱ በአንድ ሰው ሕይወት ሲገናኙ እምብዛም አይታይም። በደቡብ አሜሪካ ሳይሆን በአሜሪካ ደቡብ፣ በሜምፊስ ከተማ ስሙ የገነነው ስፑትኒክ ሞንሮ ግን ሁለቱንም ታግሏል።

ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1928 በካንሳስ ግዛት ተወለደ። ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ አሸናፊው አስቀድሞ በሚታወቅ ግጥሚያ ሕዝብ የሚያዝናኑ የትግል ባለሙያዎችን ተቀላቀለ። ድርሻው የክፉው ሰው ነበር፤ ይፎክራል፣ ይሳደባል፣ ተመልካቹን ያስቆጣል። ስሙንም ያገኘው ከስድብ ነው ይባላል። በ1957 መንገድ ላይ ያሳፈረውን ጥቁር አቅፎ ያዩት አንዲት ነጭ አሮጊት፣ ሶቪየት ኅብረት በዚያው ሰሞን ባመጠቀቻት ሳተላይት ስም ሰደቡት። እሱም ስድቡን የመድረክ ስሙ አደረገው።

ያን ጊዜ በሜምፊሱ ኤሊስ አዳራሽ ጥቁሮች ትግል የሚያዩት ከላይኛው ሰገነት ብቻ ነበር። ሞንሮ ግን ጥቁሮች በሚያዘወትሩት በቢል ጎዳና ዘንጦ እየዞረ ይጠጣል፣ ይጫወታል፣ ቲኬት ያድላል። ፖሊስ ሰበብ እየፈለገ ያስረዋል፤ እሱም መቀጮውን ከፍሎ ወዲያው ይመለሳል። በ1959 ከቢሊ ዊክስ ጋር ሲገጥም ዳኛው ዝነኛው ቦክሰኛ ሮኪ ማርሲያኖ ነበር፤ ተመልካቹም ከ10 ሺህ በልጧል።

የኤሊስ ሰገነት ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ታች ባዶ ወንበር እያለ ጥቁሮች ከበር ይመለሱ ጀመር። ሞንሮ እነሱ በፈለጉበት ካልተቀመጡ እንደማይታገል አስታወቀ። አዘጋጆቹ ገቢያቸውን አስልተው እሺ አሉ። የፌዴራሉ ሕግ በመዝናኛ ሥፍራዎች የዘር ልዩነትን የከለከለው ከዚያ በኋላ፣ በ1964 ነው።

ለገንዘቡ ሲል ነው የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፤ አዳራሹ በሞላ ቁጥር ኪሱም ይሞላል። ነገር ግን ትርፍ ፈላጊ ሁሉ ለእስር አይደፍርም። በ1970ዎቹም ከጥቁሩ ታጋይ ከኖርቬል ኦስቲን ጋር ተጣምሮ መድረክ ላይ ወጥቷል።

ሞንሮ በ2006 አረፈ። ከመድረኩ ላይ ያሸነፈውም የተሸነፈውም አስቀድሞ የተመከረበት ነበር። ማንም ያልመከረበት፣ ውጤቱም ያልታወቀው ግጥሚያ የወንበሩ ብቻ ነበር፤ እሱን አሸነፈ።