የኒው ሆራይዘንስ ወደ ፕሉቶ አቀራረብ ክትትል

የኒው ሆራይዘንስ የአቀራረብ ክትትል የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ድንክ ፕላኔቷ ፕሉቶ ስትቃረብ ቦታዋና ፍጥነቷ እየተለካ አቅጣጫዋ የታረመበት የጠፈር አሰሳ ሥራ ነው። መንኮራኩሯ የተወነጨፈችው በጃንዋሪ 2006 ነው።

በጎልድስቶን፣ በማድሪድና በካንቤራ ያሉት ግዙፍ አንቴናዎች ርቀቷን ከሬዲዮ ምልክት የጉዞ ጊዜ፣ ፍጥነቷን ከሞገዱ ድግግሞሽ ለውጥ ያሰሉ ነበር። ይህ ብቻውን አይበቃም። ፕሉቶ በ1930 ከተገኘች ወዲህ ፀሐይን አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ ስላልጨረሰች ትክክለኛ ቦታዋ ራሱ አጠራጣሪ ነበር። ስለዚህ የመንኮራኩሯ ሎሪ ካሜራ ፕሉቶን ከበስተኋላዋ ካሉት ከዋክብት ጋር ደጋግሞ አነሳ፤ ከምስሎቹም የመንኮራኩሯና የፕሉቶ አንጻራዊ ቦታ ተሰላ።

በጁን መጨረሻ ሞተሮቿ ለ23 ሰከንድ ተቀጣጥለው ፍጥነቷን በሰከንድ 27 ሴንቲሜትር ለወጡ። ይህ ባይደረግ 20 ሰከንድ ዘግይታ፣ ከታለመው ነጥብም 184 ኪሎ ሜትር ርቃ ታልፍ ነበር። ምልክት ወደ ምድር ለመድረስ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ የካሜራዎቹ ትእዛዝ አስቀድሞ ተጭኖ ነበር፤ ሰዓቱ በብዙ ቢዛነፍ ካሜራዎቹ ባዶ ሰማይ ያነሱ ነበር። ጁላይ 14 ቀን ከፕሉቶ ገጽ በ12,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት፣ ከታቀደው 72 ሰከንድ ቀድማ አለፈች።