የተጫዋች ትዕግሥትና ወሰኑ

በሀዋሳ ሐይቅ ላይ በጀልባ የሚንሸራሸር ሰው ሞተሩ ቢያጓራ፣ ወንበሩም ቢያረጥበው ይታገሣል፤ ሽንቁር እንደ ተሸሸገበት የተረዳ ዕለት ግን ትዕግሥቱ ያልቃል። ተጫዋቹ ወደ ፈቀደው አቅጣጫ የሚጓዝባቸው የሰፊ ዓለም የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ታሪክም ይህንኑ የሰው ጠባይ ይመሰክራል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው «ዳገርፎል» በሺህ የሚቆጠሩ ከተሞች፣ መንደሮችና ዋሻዎች ነበሩት። ተጫዋቹ በዋሻ ሲራመድ ወለሉ እየከዳው ወደ ባዶ ሕዋ ቢወድቅም፣ የዓለሙ ስፋት ስለ ማረከው እርምት እየጠበቀ ጉዞውን ቀጠለ። በ2011 በወጣው «ስካይሪም» ግዙፉ ፍጡር በዱላ ሲመታው እስከ ደመና መወንጨፉ የሳቅ ምንጭ ሆነ። በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ግን ጨዋታው በቆየ ቁጥር እየተንቀራፈፈ ብዙ ሰዓት የተደከመበትን ጉዞ ስላሰናከለ ብርቱ ቅሬታ አስነሣ።

የትዕግሥቱ ወሰን በጉልህ የታየው በዲሴምበር 2020 ነው። ሲዲ ፕሮጄክት የተባለው የፖላንድ ኩባንያ «ሳይበርፐንክ 2077»ን ሲያወጣ፣ ሃያስያን አስቀድመው እንዲመለከቱት የሰጣቸው የኮምፒዩተሩን ቅጂ ብቻ ነበር። በፕሌይስቴሽን 4 የገዙት ሰዎች ጉድለቱን ያዩት ከከፈሉ በኋላ ነው። በሳምንቱ ሶኒ ጨዋታውን ከመደብሩ አነሣ፤ ለገዢዎችም ገንዘባቸውን ለመመለስ ተስማማ። ጨዋታው ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ሲሆን፣ በ2023 ሰፊ እርምት ሲደረግለት ብዙዎች ታረቁት።

ተጫዋች የድካምን ስሕተት ይምራል፤ የተሸሸገ ሽንቁርን ግን በይቅርታም ውስጥ አይረሳም።