የድካም ቃላት በእንግሊዝኛ፦ የመጠን ልዩነት ወይስ የምክንያት?

ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚዘጋጁ መጻሕፍት የድካም ቃላትን ብዙ ጊዜ እንደ መሰላል ይደረድሯቸዋል፤ ከታች «ታየርድ»፣ መካከል ላይ «ዊሪ»፣ ጫፉ ላይ «ኤግዞስትድ»። በዚህ አሰላለፍ ቃላቱን የሚለያቸው መጠን ብቻ ነው፤ ትንሽ የደከመው አንዱን፣ ክፉኛ የደከመው ሌላውን ይላል። ይህ መጣጥፍ የሚሞግተው ይህን አመለካከት ነው። ቃላቱ ከሁሉ በፊት የሚለያዩት ድካሙ ከየት እንደመጣና በደከመው ሰው ላይ ምን እንደጎደለ በመናገራቸው ነው። ስለዚህ ተናጋሪው አንዱን ቃል ሲመርጥ፣ ልብ ቢለውም ባይለውም፣ ስለ ድካሙ ምክንያት ፍርድ ይሰጣል።

ከተለመደው ቃል እንነሣ። «ታየርድ» ብቻውን ሲቆም ምክንያት አይናገርም፤ ሲቦርቅ ለዋለ ሕፃንም፣ ሌሊቱን ሲነዳ ላደረ ሹፌርም ይሆናል። ምክንያቱን የሚገልጠው ተከትሎት የሚመጣው መስተዋድድ ነው። «ፍሮም» ሲከተለው ድካሙ የሰውነት ነው፤ «ኦፍ» ሲከተለው ግን ሰውየው ታክቶታል ማለት ነው። አንዱ ሥራ በመጀመሪያው አነጋገር ያደክማል፣ በሁለተኛው ያሰለቻል፤ የመጀመሪያውን እንቅልፍ ይፈውሰዋል፣ ሁለተኛውን ግን ጠግቦ የተኛም ሰው ከነጋ በኋላ ያገኘዋል። አማርኛ ይህን ልዩነት በመስተዋድድ ፈንታ በግስ ያሳያል፤ «ደከመኝ» እና «ታከተኝ» ይላል። «ዊሪ»ም ወደ ታከተኝ ያደላል። «ዋር ዊሪ» የሚባለው ሕዝብ ጦርነት የመረረው ነው፤ ከመካከሉ ብዙው ጠብመንጃ ጨብጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ቃሉ የሚለካው የነገሩን መርዘም ነውና ከ«ታየርድ» አንድ እርከን ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

«ኤግዞስትድ» ውኃ ቀድቶ መጨረስን ከሚያመለክት የላቲን ግስ የመጣ ነው። ዛሬም ከሰው ሌላ ለገንዘብ፣ ለማዕድን፣ ለአፈር ለምነት፣ ለትዕግሥት ይነገራል፤ ሁሉም እየተቀዱ የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። የሰዋስው መምህራን ከዚህ ቃል በፊት «ቬሪ» ከማለት «አብሶሉትሊ» ማለትን ይመርጣሉ። የመሰላሉ ደጋፊ ይህን ቃሉ የመጨረሻው እርከን ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። ነገር ግን ቃሉ ጫፍ ላይ የደረሰው ባዶነትን ስለሚናገር ነው፤ የተንጠፈጠፈ እንስራ ከዚያ በላይ ባዶ አይሆንም። የአማርኛው «አቅሜ ተሟጠጠ» ከዚህ ምስል አይርቅም።

«ፈቲግ» የሚለው ስም ደግሞ ከባዶነት ጋር ጉዳይ የለውም። መሐንዲሶች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቃሉን ለብረት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ጄት አውሮፕላኖች ከጣሊያን የባሕር ዳርቻ ወዲያ በአየር ላይ ተሰባብረው ወደቁ። መርማሪዎች በፋርንቦሮ የአንድ ኮሜት አካል ትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በበረራ ጊዜ እንደሚሆነው የውስጡን ግፊት ደጋግመው ከፍና ዝቅ ቢያደርጉት አካሉ ተቀደደ። እያንዳንዱ ግፊት ለብቻው ብረቱ የሚችለው ነበር፤ የቀደደው መደጋገሙ ነው። «ዶነር ፈቲግ» ሲባልም የለጋሾች ካዝና ተራቆተ ማለት አይደለም፤ ቢሆንማ ኖሮ «ኤግዞስትድ» የሚለው በተገባው። ጥሪው ተደጋግሞ ልባቸው ደነዘዘ ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ የሚቀርብ ቃል አያጣም፤ ቀላል ነገር ረጅም ጊዜ አንጠልጥሎ የቆየ ሰው «ክንዴ ዛለ» ይላል።

የቃል ምርጫው ኃላፊነትንም ያከፋፍላል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሄርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሠራተኞች «በርንአውት» ጽፎ ቃሉን ወደ ሙያው አስገባው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲበይነው፣ በአግባቡ መላ ያልተበጀለት የዘወትር የሥራ ጫና ውጤት አድርጎ አቀረበው፤ ምልክቶቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራ በስሜት መራቅና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። ድርጅቱ በሽታ ነው አላለም፤ ከሥራ ውጭ ላለ ኑሮም ቃሉ እንዳይውል አሳሰበ። በዚህ ብያኔ ጥያቄው ወደ ሥራው ቦታ ይሄዳል። ቃሉን «ስልቹነት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ግን ጥፋቱን ከሥራው አንሥቶ በሠራተኛው ጠባይ ላይ ይጭነዋል። በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ለረጅም ጊዜ ለሚያዝል ሕመም «ክሮኒክ ፈቲግ ሲንድሮም» የሚለው ስያሜ ሲወጣ፣ ስሙ ሕመማችንን አቀለለው የሚል ቅሬታ ከታማሚዎች ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ኮሚቴም ሌላ ስም እንዲተካለት ሐሳብ አቀረበ። ክርክሩ የመጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ «ከባድ» የሚል ቅጽል በጨረሰው ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ ተራው ተናጋሪ ላቲን ስለማያውቅ የቃል ሥር ማስረጃ አይሆንም የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። «ናከርድ» የሚል ብሪታንያዊ ያረጀ ፈረስ ለእርድ የሚገዛውን ነጋዴ አያስብም፤ ስለዚህ ያን ቃል ማስረጃ አላደረግሁትም። ክርክሩን የሚሸከመው ቃላቱ ዛሬ ከምን ጋር ተጣምረው እንደሚነገሩ ነው፤ የላቲኑ እንስራ ቢረሳም ያለቀ ገንዘብና የዛለ ብረት ዕለት ተዕለት ይነገርባቸዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ ሰዎች በወሬያቸው ቃላቱን እንደልብ ይለዋውጧቸዋል የሚል ነው። ይለዋውጧቸዋል፤ መለዋወጡ ግን ዋጋ ያስከፍላል። እንቅልፍ እያዳፋው ያለም፣ ጉልበት የከዳውም «ታየርድ ነኝ» ስለሚል ሐኪሙ ሁለቱን መለየት ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ1991 መሬይ ጆንስ የተባለ ሐኪም በአውስትራሊያ ያወጣው የኤፕወርዝ የእንቅልፋምነት መለኪያ ችግሩን በዘዴ ያልፈዋል። ታማሚውን ደክሞሃል ወይ ብሎ አይጠይቀውም፤ ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ በትራፊክ መጨናነቅ በቆመ መኪና ውስጥ ሳለ፣ በእነዚህና በመሰል ስምንት ሁኔታዎች የማንቀላፋት ዕድሉን ከ0 እስከ 3 እንዲገምት ያደርገዋል።

ይህ ለአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅና በውጭ አገር ሐኪም ቤት ለሚያስተረጉም ሰው ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንጻር «ድካም» ብሎ ማለፍ መሰላሉን መልሶ መትከል ነው፤ ከዚያ የቀረው «በጣም» የሚል ቃል መጨመር ብቻ ይሆናል። አማርኛ ግን መዛል፣ መታከት፣ መሰልቸት፣ መሟጠጥ፣ ማንቀላፋት የሚሉ የተለያዩ ግሶች አሉት። አስተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃል ከመምረጡ በፊት ታማሚው እንቅልፍ አጥቶ፣ ጉልበት ከድቶት ወይስ ነገሩ ታክቶት እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ሐኪሙ የሚሰማው ቃል ሕመሙን ይዞ ይደርሳል።