ተጨባጭ ትርፍ፦ ገንዘብዎ አደገ ወይስ ቁጥሩ ብቻ?

«ሪል ሪተርን» ከአክሲዮንና ከካፒታል ገበያ ወሬ ጋር ወደ አገራችን እየገባ ያለ የገንዘብ ሙያ ቃል ነው። በአማርኛ «ተጨባጭ ትርፍ» ቢባል ይስማማዋል። ያስቀመጥነው ገንዘብ ካስገኘው ወለድ ወይም የትርፍ ድርሻ ላይ የዋጋ ንረት ተቀንሶ የሚቀረው ማለት ነው። በደብተር ላይ የሚታየው ጭማሪ ግን «የቁጥር ትርፍ» ነው።

ስሌቱን የካ ክፍለ ከተማ ሾላ ገበያ ወርደን እንየው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። አንዲት እናት ለጤፍ፣ ለዘይትና ለበርበሬ የሚበቃ 10,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ አስቀመጡ እንበል። በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛሉ። ያው አስቤዛ ግን በ30 በመቶ ተወዶ 13,000 ብር ገብቷል። በእጃቸው ያለው ብር የሚገዛው አምና በ8,230 ብር ገደማ ይገኝ የነበረውን ብቻ ነው። የቁጥር ትርፋቸው 700 ብር ሲሆን ተጨባጭ ትርፋቸው ከዜሮ በታች ወርዷል።

እቁብም ከዚህ አያመልጥም። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ነጋዴ ዕቃውን በዛሬ ዋጋ ያስገባል፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ያንኑ ያህል ብር ይዞ ሲሄድ ዕቃው ተወዶ ይጠብቀዋል። የጣሉት እኩል ነው፤ የሚገዙበት ግን እኩል አይደለም።

የጡረታም ነገር እንዲሁ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ አበሉም ዕድሜ ልክ ይከፈላል። ይህ ሊናቅ የማይገባው ዋስትና ነው። ሆኖም አበሉ በብር የተቆረጠ ስለሆነ ጭማሪ እስኪደረግበት ድረስ ኑሮው ይቀድመዋል።

ከእንጦጦ ጋራ ባሻገር ባህር ዛፍ የሚያለማ ገበሬ መፍትሔውን በተግባር ያውቀዋል። ዛፉ ቆሞ ያድጋል፤ አጣናው ገበያው ሲወደድ አብሮ ይወደዳል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ለከተሜው ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. አክሲዮን የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። አክሲዮን ዋጋው ሊወርድም ይችላል፤ ስለዚህ የድርጅቱን ሒሳብ ሳያዩ አይግዙ፣ ያለዎትንም ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አያፍስሱ።

ለድንገተኛ ችግር የሚሆነው የጥቂት ወራት ወጪ ባንክ ይቀመጥ፤ እሱ ትርፍ አይጠየቅበትም። ለእርጅና የታሰበው ገንዘብ ግን ሌላ ነው። «ይህን ያህል በመቶ ይከፈልዎታል» ሲባሉ ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት የዓመቱን የዋጋ ንረት ይቀንሱበትና የሚቀረውን ይመልከቱ።