የእርሻ መሣሪያን ከዝገት የሚጠብቁ የተፈጥሮ ቅቦች

ዝገት ብረት ከውኃና ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ቀይ ቡናማ ንጥረ ነገር ነው። በቁንዝላና በሌሎች የጣና ዳርቻዎች በክረምት እርጥበቱ ስለሚበረታ፣ ሳይጠረግ የተቀመጠ ማረሻ ወይም ማጭድ ፈጥኖ ይዝጋል። ዝገቱም ፈርካሳ በመሆኑ እርጥበት ይዞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የቅብ ሥራ ውኃና አየር ብረቱን እንዳያገኙት መጋረድ ነው።

ሙጫና ሬዚን

ከዛፍ የሚፈስ ሁሉ ለዚህ አይበጅም። የግራር ሙጫ በውኃ ስለሚሟሟ ብረትን አይጠብቅም። ሬዚን ግን የሚሟሟው በአልኮልና በዘይት እንጂ በውኃ አይደለም። በመተማና በቋራ የሚመረተው ዕጣን የሬዚን፣ የሙጫና የመዓዛማ ዘይት ድብልቅ ነው፤ እንዳለ ቢቀባ ሙጫው እርጥበት ይስባል። የፓይን ዛፍ ሬዚን ደግሞ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ቫርኒሽ የሚሠሩ ሰዎች ከተልባ ዘይት ጋር ያዋሕዱታል።

የተልባ ዘይት

ለአርሶ አደሩ የሚቀርበው የተልባ ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋንነት ይለወጣል። ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽም ዘይቱ በሙቀት የሚጠነክረው በተቀራራቢ መንገድ ነው።

አቀባቡ

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ብረቱን በሚገባ ማድረቅ፣ ከዚያም ዘይቱን በጨርቅ እጅግ አሳስቶ መቀባትና ትርፉን መጥረግ ያስፈልጋል። ወፍራም ቅብ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይጣበቃል። የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ሁለተኛ መድገም ይቻላል። ዘይት ከሌለ፣ ሞቅ ባለ ብረት ላይ የተቀባ ንጹሕ ሰምም ያገለግላል።

ጥንቃቄ

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ይገባል። ቶሎ እንዲደርቅ ማድረቂያ ኬሚካል የተጨመረበት የሱቅ ዘይት ደግሞ ምግብ የሚነካ ቢላዋ ላይ መቀባት የለበትም።

ወሰኑ

ማረሻ አፈር ሲገባ ቅቡ ይፋቃል፤ ስለዚህ ጥቅሙ በማስቀመጫ ጊዜ ነው። ተመራጩ ወቅትም ዘር ተዘርቶ ማረሻው ሲሰቀል ነው። ዚንኩ ያለቀበት የቤት ክዳን ቆርቆሮ ግን ፀሐይና ዝናብ ስለሚፈራረቁበት ከተፈጥሮ ቅብ ይልቅ ፀረ ዝገት ቀለም ይሻለዋል።