ከስቅለት እስከ ፋሲካ የቆየው 25 ሺህ ዶላር

መጋቢት 29 ቀን 1964 ዓ.ም. በእኛ ቤተ ክርስቲያን የስቅለት ዓርብ ሆኖ ምእመናን ሲሰግዱ በዋሉበት ዕለት፣ በአሜሪካ አንድ አዲስ የምርጫ ሕግ ሥራውን ጀመረ፤ ሕጉም ለፌዴራል ሥልጣን የሚወዳደር ሰው ሁሉ ከ100 ዶላር በላይ የሰጡትን ለጋሾች ስም፣ አድራሻና የሥራ ዓይነት በመዝገብ አስፍሮ ለሕዝብ እንዲገልጥ የሚያዝ ነበር። (በዚህ መጣጥፍ ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ከዚያ በፊት ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። የምርጫ ገንዘብ ሒሳብ እንዲገለጥ የሚያዝዘው የመጀመሪያው የፌዴራል ሕግ በ1902 ወጥቷል፤ በ1917 የተተካውም ሕግ ወረቀቱን ለምክር ቤቱ ጸሐፊ አስረክቡ ይል ነበር እንጂ ወረቀቱን የሚመረምር የተለየ መሥሪያ ቤት አላቆመለትም፤ በአንድ ክፍለ ግዛት ብቻ የሚሠራ ኮሚቴም ከግዴታው ነጻ ስለ ነበረ፣ ብልህ ፖለቲከኛ ኮሚቴውን ከፋፍሎ ማምለጥ አላቃተውም። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1959 ስለዚህ ሕግ ሲናገሩ ከሕግነቱ ይልቅ ቀዳዳነቱ ይበልጣል ብለዋል፤ ቀዳዳውን በሚገባ ከሚያውቁት አንዱ እርሳቸው ነበሩና ምስክርነታቸው የሚታመን ነው።

አዲሱን ሕግ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጥር 29 ቀን ፈረሙበት፤ የሚጸናው ግን ከ60 ቀን በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ የ60 ቀን ዕረፍት ለአንድ ሰው እንደ በረከት ሆነለት፤ እርሱም የንግድ ሚኒስትርነቱን ትቶ የኒክሰን የምርጫ ዘመቻ የገንዘብ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆነው ሞሪስ ስታንስ ነው። ስታንስ በአይዘንሃወር ዘመን የበጀት ዳይሬክተር የነበረ፣ የሀገሩን የሒሳብ ዐዋቂዎች ማኅበር በፕሬዚዳንትነት የመራ፣ ስለ ሒሳብ መዝገብ ንጽሕና ማንም ሊያስተምረው የማይችል ሊቅ ነበር፤ ይሁንና ስማቸው እንዳይታወቅ ለሚሹ ባለጸጎች ከዓርቡ በፊት ስጡ እያለ ሀገሩን ዞረ፤ እስከዚያም ቀን 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ።

የክርክሩ ሁሉ ሥር የሆነው ግን ከዚህ ባሕር የተቀዳ አንድ ጭልፋ፣ 25 ሺህ ዶላር ነው። ሰጪው የእህል ነጋዴው ድዌይን አንድሬያስ ነበር፤ አንድሬያስ የዴሞክራቶቹ የሂዩበርት ሐምፍሪ የቅርብ ወዳጅ ነበርና፣ ለኒክሰን መስጠቱ እንዳይሰማ ቢፈልግ አያስደንቅም። ተቀባዩ ኬኔት ዳልበርግ ይባላል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ሦስት ጊዜ አውሮፕላኑን መትተው የጣሉት ተዋጊ አብራሪ፣ ከጦርነቱ በኋላ ጆሮው ለደከመ ሰው መስሚያ የሚሆን መሣሪያ እየሠራ የከበረ፣ በመካከለኛው ምዕራብ ለኒክሰን ገንዘብ የሚሰበስብ የሚኒሶታ ሰው ነው።

የሁለቱ ወገን ትረካ እዚህ ላይ ይለያያል። ስታንስና ወዳጆቹ እንደሚሉት አንድሬያስ ቃሉን የሰጠው ከቀነ ገደቡ በፊት ነው፤ ገንዘቡንም በዓርቡ ቀን በፍሎሪዳ በአንድ ሆቴል የአደራ ሣጥን አኑሮታልና፣ ስጦታው በአሮጌው ሕግ ዘመን ተፈጽሟል፤ ስለዚህ የሚገለጥ ነገር የለውም። ዳልበርግ ገንዘቡን በእጁ ያደረገው ግን እሑድ ሚያዝያ 1 ቀን፣ እኛ ፋሲካን ስናከብር ነው፤ በማግሥቱ ሰኞ ጥሬ ገንዘቡን ወደ ባንክ ወስዶ፣ እኛ ዛሬ ሲፒኦ የምንለውን ዓይነት ቼክ በገዛ ስሙ አስጻፈ፤ ማክሰኞም ለስታንስ አስረከበ። የምክር ቤቱ ዋና ሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነገሩን መርምሮ ነሐሴ 20 ቀን ባወጣው መግለጫ፣ ይህ ገንዘብ በአዲሱ ሕግ መሠረት መመዝገብ ሲገባው ሳይመዘገብ ቀርቷል፣ ሕግም የተጣሰ ይመስላል አለ። ስእለት የተሳለ ሰው ስእለቱን ለቤተ ክርስቲያን እስኪያገባ ድረስ ባለዕዳ ይባላል እንጂ ሰጪ አይባልም፤ ገንዘቡ በሣጥን ውስጥ ሁለት ሌሊት ማደሩም ይህን አይለውጠውም።

ቼኩ ከዚያ ወዴት ሄደ? በሜክሲኮ በኩል ዞረው ከመጡ የ89 ሺህ ዶላር ቼኮች ጋር ከኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ከሂዩ ስሎን ወደ ኮሚቴው የሕግ አማካሪ ወደ ጎርደን ሊዲ፣ ከሊዲ ወደ ማያሚው በርናርድ ባርከር አለፈ፤ ባርከርም በባንክ ሒሳቡ አስገብቶ በጥሬ ገንዘብ አወጣው። ሰኔ 10 ቀን በዋተርጌት ሕንፃ የዴሞክራቶቹን ጽሕፈት ቤት ሰብረው ገብተው ከተያዙት አምስት ሰዎች አንዱ ባርከር ነበረ። የዋሽንግተን ፖስቱ ቦብ ውድዋርድ በስልክ በጠየቀው ጊዜ ዳልበርግ በመጀመሪያ ስልኩን ዘጋ፤ ኋላ ግን ራሱ መልሶ ደውሎ ቼኩን ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ወይም ለራሱ ለስታንስ እንደ ሰጠ ነገረው፤ ጽሑፉም ሐምሌ 25 ቀን ወጣ። ዳልበርግ በዚህ ነገር አልተከሰሰም። የፍርሃት ልማድ የሌለው ሰው እውነቱን ለመናገር ፈጥኖ እንደሚቆርጥ ከእርሱ ይታያል።

ስለ ቀሩት ለጋሾች ብዙ የሚባል የለም። ኮመን ኮዝ የተባለው የዜጎች ማኅበር ስማቸው እንዲገለጥ የኒክሰንን ኮሚቴ በፍርድ ቤት ከሰሰ፤ የስም ዝርዝሩም የተገኘው በኒክሰን ጸሐፊ በሮዝ ሜሪ ውድስ እጅ ነበር፤ ቀልደኞች በዘመኑ በታወቀው አስፈሪ ፊልም ስም የሮዝ ሜሪ ልጅ ብለው ሰየሙት። ምርጫው ካለፈ በኋላ፣ በ1966 መጀመሪያ ሙሉው ዝርዝር ወጣ። ስታንስ መጋቢት 3 ቀን 1967 በአምስት ቀላል የምርጫ ሕግ ጥፋቶች ጥፋተኛነቱን አመነ፣ ኋላም 5 ሺህ ዶላር ተቀጣ፤ ሆን ብሎ እንዳላጠፋ ግን እስከ መጨረሻው ተሟገተ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ሕጉ ተሻሽሎ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1968 የማስታወቅን ግዴታ አጸናው። ዛሬ በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ ዜግነት ወይም የዘላቂ ነዋሪነት ፈቃድ ካለው፣ ለወደደው ዕጩ መስጠት ይችላል፤ በአንድ የምርጫ ዘመን ለአንድ ዕጩ የሰጠው ከ200 ዶላር ካለፈ ግን ስሙ፣ ከተማው፣ ሥራውና አሠሪው ለማንም በሚታይ መዝገብ ይሰፍራል። በመዝገቡ የሚጻፈውም ቀን ሰጪው ቃል የገባበት ሳይሆን፣ ለዕጩው ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው ገንዘቡን በእጁ ያደረገበት ቀን ነው።